ሞተር የምናለማምድ ሰዎች አፋችንን ትንሽ ብንዘጋስ? (ደብረ ብርሃንና አካባቢው)

ባለቢጫው ሄልሜት፦
ሰላም ለዚህ ቤት። ደብረ ብርሃን ላይ ሞተር ማለማመድ ከጀመርኩ 9 ዓመት አለፈኝ። እውነቱን ልናገርና በራሴ የምኮራ ሰው ነበርኩ። እኔ ያለማመድኩት ሰው ፈተና ወድቆ አያውቅም ማለት ይቻላል። ፈተና ላይ የምትዞረውን ስምንት ቁጥር ዓይኑን ጨፍኖ ይዞራታል።

ባለፈው ወር ግን ካስተማርኳቸው ልጆች አንዱ ከጣርማበር ወደ ደብረ ሲና ሲወርድ ወደቀ። ትከሻው ላይ አጥንት ተሰብሯል፣ ተመስገን ሌላው ደህና ነው። ልጠይቀው ብርቱካን ይዤ ሄድኩ። «ምን ሆነህ ነው?» ስለው ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «ጋሼ፣ ኩርባው ላይ ስደርስ ያንተ ድምፅ የሚመጣ መሰለኝ።»

እንቅልፍ ነሳኝ። ሌላ ሰልጣኝ በስልኩ የቀረፀው የልምምድ ቪዲዮ ነበር፣ ላክልኝ ብዬ ቁጭ ብዬ አየሁት። 6 ደቂቃ ነው። በ6 ደቂቃ ውስጥ ስንት ጊዜ ትእዛዝ እንደሰጠሁ ቆጠርኩ፦ 71። «ፍሪሲዮን! ፍሪሲዮን! ቀስ! ነዳጅ ስጥ! አትስጥ! ወደፊት እይ! እግርህን አንሳ! ኧረ አንሳ!» (ለማያውቅ፣ ፍሪሲዮን በግራ እጅ የሚያዘው፣ ሞተሩን ከጎማው የሚያላቅቀው ነው።) ልጁ መንገዱን አንድም ጊዜ አላየም፣ የሚያየው እኔን ነው።

እና የምጠይቃችሁ፣ እናንተ እንዴት ነው የምታለማምዱት? የተማራችሁስ፣ ከአሰልጣኛችሁ የጠቀማችሁ ነገር ምንድነው? ያስጠላችሁስ? ማንንም ስም እየጠራችሁ አታዋርዱ እንጂ ሌላውን በነፃነት ተናገሩ።

ቁር የለመደው፦
71 በ6 ደቂቃ? የኔ አሰልጣኝ ያንን በአንድ ደቂቃ ይጨርሰው ነበር ሃሃሃ። ስድቡን ሳልቆጥር ነው።

ስፖርት መምህሩ፦
ወንድሜ፣ ይሄን በአደባባይ መጻፍህ ራሱ ደስ ይላል። ብዙ አሰልጣኝ አያደርገውም።

እኔ ሞተር አላስተምርም፣ ስፖርት ነው የማስተምረው። ነገሩ ግን አንድ ነው። አካል የሚማረው ሞክሮ፣ ተሳስቶ፣ ስህተቱን ራሱ ሲሰማው ነው። አንተ በየሰከንዱ ከነገርከው ስህተቱን የሚይዝለት አንተ ነህ፣ የሱ አእምሮ ሥራ ፈት ነው። አንተ ያለህ ጊዜ በጣም ጎበዝ ይመስላል፣ አንተ ስትጠፋ ችሎታውም አብሮ ይጠፋል። ልጁ የነገረህም ይህንኑ ነው።

ሌላም ልጨምር። በፈረንጆቹ 1979 ሺያ እና ሞርጋን የሚባሉ ሰዎች የሰሩት የታወቀ ሙከራ አለ። አንዱን ቡድን አንድ ዓይነት እንቅስቃሴ ደጋግመው ካሰሩት በኋላ ወደ ሁለተኛው አሸጋገሩት። ሌላውን ቡድን እያደባለቁ አሰሩት። በልምምዱ ሰዓት ደጋግሞ የሰራው በለጠ። ቀናት አልፈው ሲፈተኑ ግን የተደባለቀበት ቡድን በለጠ። ወደ ሞተር ስናመጣው፣ ስምንት ቁጥር ብቻ 40 ጊዜ ማዞር ሜዳው ላይ ጎበዝ ያስመስላል። አንዴ ስምንት ቁጥር፣ አንዴ ድንገት መቆም፣ አንዴ ዳገት ላይ መነሳት፣ እንደገና ስምንት ቁጥር እያልክ ብታደባልቀው ልጁ ሜዳው ላይ ይንገዳገድብሃል፣ አንተም ይጨንቅሃል፣ ግን ይዞት የሚሄደው ይሄኛውን ነው።

የድሮ ሰው፦
ይቅርታ አድርጉልኝና እኔ አልስማማም። እኛ የተማርነው በጩኸትና በኩርኩም ነው። ምን ሆንን? ዛሬም እየነዳን ነው። የዛሬ ልጅ ቁጣ አይችልም፣ ችግሩ እሱ ነው። ሞተር ቀልድ አይደለም፣ ካልተቆጣህ አይፈራም፣ ካልፈራ ይሞታል።

የመንዟ ጤና ባለሙያ፦
ጋሼ፣ በአክብሮት ነው፣ እስቲ ቀኝ ጉልበትዎን ያሳዩን 🙂

የኔን ልንገራችሁ። ለመስክ ሥራ ሞተር ተሰጠኝና ልመድ ተባልኩ። አንድ ማሰልጠኛ ገባሁ፣ የት እንደሆነ አልናገርም። አሰልጣኙ ከኋላዬ ተፈናጦ እጁን በእጆቼ ላይ አድርጎ መሪውን እሱ ያዞራል። ፍሬኑንም እሱ ነው የሚይዘው። እኔ ከፊት የተቀመጥኩ ዕቃ ነበርኩ። በዚያ ላይ በየሁለት ደቂቃው «አትፍሪ! አትፍሪ!»። ኧረ በማርያም፣ «አትፍሪ» ሲሉኝ ምን ላድርግ? የትኛውን እጄን ላንቀሳቅስ? አትፍሪ የሚለውን ቃል በእጅ መስራት አይቻልም እኮ።

8 ቀን ተማርኩ። በ9ኛው ቀን ብቻዬን ስቀመጥ ሞተሩ 5 ጊዜ ጠፋብኝ፣ በ6ኛው ሄዶ አጥር ውስጥ ገባሁ።

በኋላ ያስተማረኝ የመሥሪያ ቤታችን ሾፌር ነው። ሽማግሌ ሰው ናቸው፣ ቃል አይበዛባቸውም። ሞተሩን ሜዳ ላይ አስነስተው፣ አንደኛ ማርሽ አስገብተው፣ ሁለቱንም እግሬን መሬት አስረገጡኝ። «ልጄ፣ ዛሬ አንነዳም። ፍሪሲዮኑን በጣም ቀስ ብለሽ ልቀቂ፣ የሞተሩ ድምፅ የሚወፍርበትን ቦታ ስታገኚ ንገሪኝ።» ለቀቅኩ። ድምፁ ወፈር አለ፣ ሞተሩም ወደፊት ልሂድ ልሂድ አለ። «እዚህ ጋ!» አልኩ። «በይ ያዢና እንደገና ፈልጊው።» ምናልባት 30 ጊዜ። ግማሽ ሰዓት ሙሉ እሳቸው ድንጋይ ላይ ቁጭ ብለው ቆሎ እየበሉ። ከዚያ ቀን በኋላ ሞተር ሲጠፋብኝ ለምን እንደጠፋ አውቃለሁ።

ባለቢጫው ሄልሜት፦
@የመንዟ ጤና ባለሙያ እህቴ፣ «ስታገኚው ንገሪኝ» የሚለውን ወሰድኩት። እኔ ሁልጊዜ «እዚህ ጋ ነው» ብዬ የምነግረው እኔው ነኝ።

ከኋላ መፈናጠጡን በተመለከተ፣ እኔም አድርጌዋለሁ። ይቅርታ። የሚገርመው ከኋላ ሰው ሲኖር ሞተሩ ራሱ ሌላ ሞተር ነው፣ ክብደቱ ወደኋላ ይሄዳል፣ ፊቱ ይቀላል። ጀማሪ የሚለምደው የተሳሳተውን ሚዛን ነው ማለት ነው።

ጋሽ ካቦ (ጋራዥ)፦
እኔ መካኒክ ነኝ፣ ስለ ማስተማር ብዙ አላውቅም። ግን አሰልጣኞች ተማሪውን የሚወቅሱበት ግማሹ ጥፋት የሞተሩ ነው። ልዘርዝር ካላችሁኝ ይመሻል፣ ዋና ዋናውን።

የፍሪሲዮን ካቦ፣ ማለትም ከእጅ ማንሻው የሚነሳው ሽቦ። የማሰልጠኛ ሞተሮች ላይ ካቦው ወይ ተወጥሮ አልቋል ወይ እንደ ልብስ ማስጫ ገመድ ረግቧል። ማንሻው ላይ 2 ወይም 3 ሚሊ ሜትር ያህል ልል መሆን አለበት። ከዚያ በላይ ከሆነ ፍሪሲዮኑ ጨርሶ አይለቅም፣ ማርሽ ሲገባ ሞተሩ ይዘላል፣ ተማሪው «ጎበዝ አይደለህም» ይባላል። ካቦው ዘይት ካየ ስንት ዓመቱ? ጀማሪ እጁ እስኪዝል የሚጨምቀው የደረቀ ካቦ ነው። እጁ ትንሽ ለሆነ ሰው ደግሞ ማንሻው ራሱ መስተካከል ይችላል፣ ብሎኑን ፈታ አድርጎ ወደ ታች ማዞር ነው፣ 5 ደቂቃ አይፈጅም።

ሁለተኛው ከፍታው ነው። ደብረ ብርሃን ከባህር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ነው። አየሩ ስስ ስለሆነ ካርቡሬተር (ነዳጅና አየር የሚያደባልቀው) ያለው ሞተር ቆላ ላይ ከሚሰጠው ጉልበት ሩብ ያህሉን እዚህ ያጣል። በዚያ ላይ ጠዋት ውርጭ ነው። ሸዋ ሮቢት ላይ ነዳጅ ሳይሰጠው የሚነሳው ሞተር እዚህ ትንሽ ነዳጅ ካልተሰጠው ይጠፋል። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ቾክ (ለብርድ ማስነሻ የሚሳበው) ሳይሳብ፣ ሞተሩ ሳይሞቅ ተማሪ አስቀምጦ «ለምን ታጠፋዋለህ!» ብሎ መጮህ ግፍ ነው። እኔ ራሴ በዚያ ሰዓት አልነሳም።

ማርሹም አንድ አይደለም። አንዳንዱ ሞተር ሁሉንም ማርሽ ወደ ታች ነው የሚረገጠው፣ አንዳንዱ አንደኛው ወደ ታች ሌላው ወደ ላይ ነው። በአንዱ አስተምረው በሌላው የሚያስፈትኑ ሰዎች አውቃለሁ። ልጁ መቀነስ ፈልጎ ይጨምራል።

ቁር የለመደው፦
ጋሽ ካቦ የልቤን ነው የተናገርከው። እኔ ሐምሌ ላይ ነበር የተማርኩት፣ ጓንት የለም፣ ጣቶቼ ደንዝዘው ፍሪሲዮኑ የቱ ጋ እንደሚይዝ እንዴት ይሰማኛል? አሰልጣኙ ራሱ ጋቢ ተከናንቦ እጁን ብብቱ ውስጥ ከቶ «ጣትህን አንቀሳቅስ» ይለኛል።

ሮቢት ቦክሰር፦
ከሸዋ ሮቢት ነኝ። ሞተር ሥራዬ ነው፣ ዕቃም ሰውም እጭናለሁ፣ ወደ ደብረ ሲናም ወደ ጣርማበርም እወጣለሁ። ስለ ልጁ አዝናለሁ፣ እግዜር ይማረው።

ግን ማሰልጠኛዎቹ ሜዳ ላይ የማያስተምሩት ትልቁ ነገር ቁልቁለት ነው። ከ3,000 ሜትር በላይ ከሆነ ቦታ ተነስተህ 1,300 ሜትር አይሞላም ወደ ተባለ ቆላ ነው የምትወርደው፣ በጥቂት አስር ኪሎ ሜትሮች ውስጥ። ኩርባው አያልቅም። አብዛኛው ጀማሪ ምን ያደርጋል? ቤንዚን ለመቆጠብ ፍሪሲዮን ይይዛል ወይም ዜሮ ማርሽ ያደርጋል፣ አንዳንዱ ጭራሽ ሞተሩን አጥፍቶ ይንከባለላል። ከዚያ ሙሉውን ቁልቁለት በእግር ፍሬን ነው የሚይዘው። ፍሬኑ ይግላል፣ መያዝ ይቀንሳል። ሞተሩ ራሱ እንዲይዝህ ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ ማርሽ ላይ አድርገህ ነው የሚወረደው። በወጣህበት ማርሽ ውረድ ይላሉ የኛ ሰዎች።

ኩርባ ላይ ደግሞ ፍጥነት የሚቀነሰው ከመግባትህ በፊት ነው። ገብተህ ፍሬን ስትነካ ነው ሞተሩ ካጋደለበት ቀና ብሎ ቀጥ ወደ ገደሉ የሚሄደው።

እና ዓይን። ገደሉን ካየህ ወደ ገደሉ ነው የምትሄደው። ይሄ ቀልድ አይደለም፣ እጅ ዓይንን ይከተላል። የመንዝ መንገድ ላይ በግ ሲሞላብህ በጉን ካየህ በጉን ትመታለህ። በበጎቹ መሃል ያለውን ክፍተት እይ። ጭነት የያዘ አህያ ከሆነ በኋላው እለፍ፣ ፊቱ ላይ ለመቅደም አትሞክር።

ጣርማበር ላይ ያለው የሙሶሊኒ ዋሻ ውስጥ ስትገባ የፀሐይ መነፅር አውልቅ፣ መብራት አብራ፣ ከመግባትህ በፊት ቀንስ። ከፀሐይ ወደ ጨለማ ስትገባ ለጥቂት ሰከንድ ምንም አታይም፣ ግማሽ ኪሎ ሜትር የሚያልፍ ዋሻ ነው፣ ከፊትህ ሲኖትራክ ሊኖር ይችላል። ይህን የነገረኝ አሰልጣኝ የለም። የነገረኝ ድንጋጤዬ ነው።

ስፖርት መምህሩ፦
@የድሮ ሰው ጋሼ፣ ያነሱት «ምን ሆንን» የሚለው ነገር ላይ አንድ ቁጥር አለኝ። አሜሪካ ሎስ አንጀለስ ውስጥ 900 የሞተር አደጋዎችን ቦታው ድረስ ሄደው የመረመሩበት ጥናት በ1981 ወጥቶ ነበር፣ በፈረንጆቹ። አደጋ ከደረሰባቸው ነጂዎች 92 በመቶው ሞተር የተማሩት ራሳቸው ወይም ከቤተሰብና ከጓደኛ ነበር። ሌላው የተገኘው ነገር፣ አደጋው ሊደርስ ሲል አብዛኛው ሰው የኋላውን (የእግሩን) ፍሬን አጥብቆ ይዞ ጎማውን ያንሸራትታል፣ የፊቱን ግን በሚገባ አይጠቀምበትም። የፊቱ ነው ግን በደንብ የሚያቆመው፣ ምክንያቱም ስትይዝ አብዛኛው ክብደት ወደፊት ይመጣል።

የተረፈው ሰው ነው «ምን ሆንን» የሚለው፣ ያልተረፈው አይናገርም።

የድሮ ሰው፦
መምህር፣ ገባኝ። ጉልበቴ ላይ ያለውን ጠባሳም እህታችን ያየችው ይመስለኛል። 😄

ግን የፊት ፍሬን አደገኛ ነው። እኛ «የፊቱን እንዳትነካ» ተብለን ነው የተማርነው። የፊቱን ይዞ በመሪው ላይ የተገለበጠ ሰው በዓይኔ አይቻለሁ።

ባለቢጫው ሄልሜት፦
ጋሼ፣ እኔም «የፊቱን እንዳትነካ» እያልኩ ነው 9 ዓመት ያስተማርኩት። አሁን ሳስበው ሰዎቹን ግማሽ ፍሬን ሰጥቼ ነው የለቀቅኳቸው። የተገለበጠው ሰው የፊቱን ስለያዘ አይደለም፣ በአንዴ ስለጨመቀው ነው። በ40 ኪሎ ሜትር ስትሄድ በሰከንድ 11 ሜትር ትጓዛለህ። ፍጥነትህ እጥፍ ሲሆን ፍሬን ከያዝክ በኋላ እስክትቆም የምትሄደው ርቀት እጥፍ አይሆንም፣ አራት እጥፍ ያህል ነው የሚሆነው። በእግር ፍሬን ብቻ የት ይደረሳል?

አሁን ቅዳሜ የሆነውን ላውራችሁ፣ ለዚህ ነው የመጣሁት።

4 ሰልጣኝ ነበረኝ። ለጋሽ ካቦ ስል መጀመሪያ ካቦዎቹን ዘይት አጠጣሁ፣ ከ3 ሰዓት በፊት አልጀመርንም፣ ውርጩ እስኪለቅ። ለራሴ ሕግ አወጣሁ፦ ሞተሩ እየሄደ እያለ አልናገርም። አደጋ ካየሁ «ቁም» የምትል አንድ ቃል ብቻ ነው ያለችኝ። ሰልጣኙ ዞሮ ሲመጣ፣ ሞተሩን ሲያጠፋ፣ ያኔ እጠይቀዋለሁ። መጀመሪያ እሱ ይናገራል።

አቤት ጭንቀቱ! ከንፈሬን ነከስኩ ስላችሁ በእውነት ነው። አንዱ ልጅ ሲዞር ዓይኑን ጎማው ላይ ተክሎ ሊወድቅ ሲል አፌ ተከፍቶ ተዘጋ። ተመልሶ ሲመጣ «ምን እያየህ ነበር?» አልኩት። አሰበ። «ጎማውን» አለ። ሌላ ምንም አልነገርኩትም፣ «አሁን ደግሞ እዚያ ማዶ ያለውን ባህር ዛፍ በአገጭህ እየጠቆምክ ዙር» ብቻ። ዞረ። ክብ አድርጎ ዞረ! ያንን ልጅ ሦስት ቀን «ወደፊት እይ» እያልኩ ጮሄበት ነበር። «ወደፊት» የት ነው? ባህር ዛፉ ግን ባህር ዛፉ ነው፣ ይታያል።

ሁለተኛው ልጅ ከገጠር የመጣ ነው፣ የፊት ፍሬኑን እንደ ገመድ ነጥቆ ይይዘዋል፣ ሞተሩ ይደፋል። «ቀስ» ብለው አልገባውም። «ላም ታልባለህ?» አልኩት። «አዎ ጋሼ።» «ጡቷን ነጥቀህ ብትስባት ምን ታደርጋለች?» ሳቀ፣ «ትራገጣለች።» «እንግዲህ ይቺም ላም ናት» አልኩት። በሚቀጥለው ሙከራ መጀመሪያ ለስለስ አድርጎ ያዘ፣ ከዚያ እየጨመረ አጠበቀ፣ ቀጥ ብሎ ቆመ። ነገሩ አንድ ጊዜ ነው የገባው።

ሁሉም ግን አልተሳካም። አንዷ ሰልጣኝ ዝም ስላት ተናደደች። «ከፍዬ ነው የመጣሁት፣ ለምን አታስተምረኝም?» አለችኝ። እውነቷን ነው፣ ሳላስረዳት ነው ዝም ያልኩት። ይሄን ምን ላድርገው?

የመንዟ ጤና ባለሙያ፦
ላሟን ወደድኳት 😂

ለሴትየዋ፣ ገና ሳትቀመጥ ንገራት። «ስትነጂ ዝም የምለው ትቼሽ አይደለም፣ እያየሁ ነው፣ ስትመለሺ እናወራለን» በላት። እኔ ሽማግሌው ሾፌር ድንጋይ ላይ ሲቀመጡ ትተውኝ የሄዱ አልመሰለኝም፣ ምክንያቱም ዓይናቸው ከኔ አልተነቀለም። አንተ ግን ስልክ እያየህ ዝም ካልክ ሌላ ነገር ነው።

ስፖርት መምህሩ፦
ትክክል። መጀመሪያ ቀን ላይ ትንሽ መናገር ችግር የለውም፣ ጀማሪ ምንም አያውቅምና። እያደረ መቀነስ ነው። እና ራስህ ነድተህ አሳያቸው፣ ሳታወራ። አሰልጣኝ በእግሩ ቆሞ ሲናገር እንጂ ሲነዳ ያየ ተማሪ ብዙ የለም።

ሮቢት ቦክሰር፦
አንድ ነገር ረስታችኋል። መንጃ ፈቃዱን ባገኘ ማግስት ሁለት ሰውና አንድ ኩንታል ጤፍ ጭኖ የሚወጣ ልጅ ነው ያለን። ከኋላ ሰው ጭኖ መነሳትና መቆም ሳይለማመድ እንዳትለቀው። አንተ ተፈናጠጥ፣ ግን እጅህን ከመሪው አርቅ! በዝናብ ጊዜ ኮብልስቶን ላይም አስሞክረው፣ ቀስ ብሎ፣ እንደ ሳሙና ነው። ሄልሜት ደግሞ የነጂው ብቻ አይደለም፣ የተፈናጠጠውም ራስ ራስ ነው። በሄልሜት የሞት አደጋ 42 በመቶ፣ የጭንቅላት ጉዳት 69 በመቶ እንደሚቀንስ አንብቤያለሁ፣ ከዚያ ወዲህ ሚስቴን ያለ ሄልሜት ጭኜ አላውቅም።

አዲስ ገቢ፦
ሰላም፣ እኔ ገና ሞተር ነክቼ አላውቅም። ይህን ሁሉ ሳነብ ፈራሁ። ብስክሌት ብቻ ነው የምችለው። ልማር ወይስ ልተወው?

የድሮ ሰው፦
ብስክሌት ከቻልክ ሚዛኑን ጨርሰሃል ልጄ። የቀረህ ፍሪሲዮንና ዓይን ነው። ጓንት ግዛ።

ባለቢጫው ሄልሜት፦
@አዲስ ገቢ ና። ቅዳሜ 3 ሰዓት ሜዳው ላይ ነን። የመጀመሪያው ቀን ነዳጅ አንሰጥም፣ እግርህን መሬት ረግጠህ ድምፁ የሚወፍርበትን ቦታ ትፈልጋለህ። እኔ ድንጋይ ላይ ቁጭ እላለሁ። ቆሎ ይዘህ ና።

@የድሮ ሰው ጋሼ፣ እርስዎም ቢመጡ ደስ ይለኛል። ትከሻው የተሰበረው ልጅ ፋሻው ሳይፈታ «አያለሁ» ብሎ ይመጣል፣ እሱ ነው የሚቆጥረው። አፌን በከፈትኩ ቁጥር አንዳንድ ጠጠር ያስቀምጣል። ባለፈው ቅዳሜ 23 ነበር።

የድሮ ሰው፦
እመጣለሁ። ጠጠሩን ግን እኔ ነኝ የማስቀምጠው፣ እሱ ያዳላልሃል።